በቄሷ ባል ቦቲ ጫማ ፍለጋ

ባለፈው ቅዳሜ እዚህ አሜሪካ፣ በምንኖርበት ከተማ፣ ከብሮድ ስትሪት ተነስቼ ጋሃና፣ ከጋሃና ክሊንተንቪል ደርሼ የተመለስኩት ለሽርሽር አይደለም። የለቀስተኛ ጫማ ፍለጋ ነው። ወሬውን ሰው በየቤቱ እየጨመረበት ሲያወራው ብሰማ፣ የሄድኩት እኔ ነኝና እኔው ልጻፈው ብዬ ተቀመጥኩ። ፊደል የቆጠርኩት ጎልማሳ ሆኜ፣ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው። እጄ ይከብዳል። ቢሆንም ያየሁትን አላጣምም።

መነሻው እንዲህ ነው። ጓደኛዬ ወርቁ አረፈ። ከወርቁ ጋራ ኤርፖርቱ መኪና ማቆሚያ ብዙ ዘመን አብረን ሠርተናል። የጫማ ቁጥራችን ሳይቀር አንድ ነው፤ ሁለታችንም እግራችን ትልቅ ነው። ታደሰ የሚባለው ጓደኛችን «ሁለቱ ጀልባዎች» እያለ ሲቀልድብን ኖሯል። የኛ ቁጥር እንደልብ አይገኝም። ቅናሽ የወጣ እንደሆነ ያየው ላላየው በስልክ ኮል ያደርግና አብረን ሄደን እንገዛለን። የመጨረሻውን ጥቁር ጫማም እንደዚያው ነው የገዛነው፤ አንድ ዓይነት፣ አንድ ቀን።

ባለቤቱ አስካለ ከቀብሩ ወዲህ ከውሃ በቀር የቀመሰችው የለም። እግሯ አብጦ የራሷ ጫማ እምቢ ቢላት የወርቁን ጥቁር ጫማ አጠለቀች። ከዚያ በኋላ አላወልቅም አለች። ቤት ውስጥም እሱን፣ ውጭም እሱን።

ሠልስቱ ቅዳሜ ዋለ። የአስካለ አፓርትመንት ይህን ሁሉ ሰው አይችልም። የቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ ጣሪያው እየተሠራ ነው። እኔ የእድሩ ዳኛ ነኝና ቦታ መፈለግ የኔ ነው። ከቤቴ ማዶ አንዲት የአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን አለች። እነዚህ ሰዎች ሦስት ትንንሽ አብያተ ክርስቲያናት አሏቸው፤ አንዷ እዚህ ብሮድ ስትሪት፣ አንዷ ጋሃና፣ አንዷ ክሊንተንቪል። ለሦስቱም ያለቻቸው አንዲት ቄስ፣ አንድ ቫንና አንድ ትልቅ የሾርባ ድስት ነው። ቄሷ ሴት ናት፤ ኤለን ትባላለች። በሴት ቄስ ጉዳይ የራሴ ሐሳብ አለኝ፤ አልለወጥኩትም። ግን ሄጄ ብጠይቃት «ለለቅሶ ኪራይ አንቀበልም» ብላ ቁልፉን እዚያው እጄ ላይ አኖረችው።

እድሩ ውስጥ አጉረመረሙ። «ሠልስት በሰው ቤተ እምነት?» የሚል በዛ። እኔም ተነስቼ «ዋስ ነኝ፤ ነውር ቢደርስ በኔ» አልኩ። ይኸንን ቃል አንባቢ ይያዝልኝ።

በሩ ላይ

ቅዳሜ ጠዋት ከሁሉም ቀድሜ በር ላይ ቆምኩ። አዳራሹ ከቤተ መቅደሱ ሥር ነው፤ ወደ ታች የሚወረደው በዋናው በር ገብቶ ነው። የመጣውን ሁሉ «ጫማ» አልኩት።

ታደሰ ይከራከራል። ጡረታ እስኪወጣ ታክሲ ነድቷል፤ ያኔም ከተሳፋሪ ጋር ሲከራከር ነው የኖረው።

«ደምሴ፣ የፈረንጅ ቤተ ክርስቲያን እኮ ጫማ አያስወልቅም። እነሱ ራሳቸው በቡት ነው የሚቀድሱት።»

«እነሱ ምንም ያድርጉ። መስቀል አለ፣ መሠዊያ አለ። አውልቅ።»

«ካልሲዬ ተቀዷል እኮ።»

«እግዜር ካልሲህን ያውቀዋል። አውልቅ!»

ከወሎ የመጣው ሰይድ፣ የወርቁ ጎረቤት፣ ሳይነገረው አውልቆ ነበር። «ጋሽ ታደሰ፣ እኛ መስጊድ በየቀኑ እናወልቃለን፤ አንድም ቀን ተወስዶብን አያውቅም» አለ። በኋላ ይህችን ንግግሩን ስንት ጊዜ እንዳስታወሱት!

ጫማው ሁሉ ምንጣፉ ላይ በሰልፍ ተደረደረ። ከምንጣፉ በላይ ግድግዳው ላይ ትልቅ ማስታወቂያ ተለጥፏል። እንግሊዝኛው ረጅም ነው፤ ጫፉ ላይ መስቀል አለበት። የመዝሙር ጥቅስ ነው ብዬ አለፍኩት።

አስካለ በሴቶች ተደግፋ መጣች። በሩ ላይ ስትደርስ እግሯን አየች፣ እኔን አየች። ይህችን ሴት ባሳልፋት ምን ነበረበት? እኔ ግን አንዴ ከተናገርኩ ተናገርኩ ነው።

«ለደቂቃ ነው አስካለ። እዚህ ሰልፉ ራስ ላይ አስቀምጪው።»

«የሱ ነው፣ ደምሴ።»

«አውቃለሁ። የትም አይሄድልሽም። እኔ አለሁ።»

አወለቀች። የኔን ጫማ ከጎኑ አደረግኩላት፤ ሁለቱ ጀልባዎች ጎን ለጎን ቆሙ።

ጸሎቱ ደረሰ፣ ንፍሮው ዞረ። አስካለ ንፍሮውን በእጇ ይዛ ወደ አፏ ሳታደርስ መልሳ አስቀመጠችው። ታደሰ ስልክ ሊያናግር ወጥቶ ሲመለስ ፊቱ ተለዋውጧል።

«ና እስቲ» አለኝ በጆሮዬ።

ወጣሁ። ምንጣፉ ባዶ ነው። አንድ የጫማ ክር እንኳ የለም።

«ጀልባህ ቀዝፋ ሄደች» አለኝ ታደሰ። ቀልዱ አላሳቀኝም።

ቄሷ ቢሮ ገባሁና ነገርኳት። አፏን በሁለት እጇ ያዘች። ለካስ ያ ማስታወቂያ የሚለው «ለችግረኞች የሚሰጥ ጫማችሁን እዚህ ተዉ» ነው። እነሱም ጾማቸው ነው፤ በጾሙ በየቅዳሜው ሦስቱ አብያተ ክርስቲያናት ጫማ ይሰበስባሉ። አሠራራቸው ሲያያይዙት እንዲህ ነው፦ እዚህ ይሰበሰባል፣ ጋሃና ይለያል፣ ክሊንተንቪል ይታደላል። ቫኑ በሰዓቱ መጥቶ ጭኖት ሄዷል።

«ሹፌሩ ኮል አድርጎልኝ ነበር» አለች። «‹ኢትዮጵያውያኑ ሐዘን ላይ ሆነው እግራቸው ላይ ያለውን ሰጡን› አለኝ። ለሟቹ ነፍስ የምታደርጉት ልማድ መሰለኝ። እዚህ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።»

ምን ይባላል? ታች ከሰዓት ሺፍት የሚገባ ወጣት አለ። የአንዱ ሥራ ጋሃና፣ የአንዱ ፖላሪስ የገበያ ማዕከል ነው፤ በካልሲ ማንም አያስገባውም። ይኼ ሁሉ ይሁን። አስካለ ተነስታ በሩ ላይ ያን ጫማ ብታጣውስ? «የትም አይሄድልሽም» ያልኩት እኔ ነኝ።

«አሁኑኑ እንሂድ» አለች ቄሷ።

ታደሰን «ሰው እንዳይነሳ ያዝልኝ፤ አስካለ እንዳትሰማ» አልኩት።

«ምን ብዬ ልያዛቸው?»

«አንተ ወሬ መቼ ቸግሮህ ያውቃል!»

ቄሷ ቁም ሣጥን ከፍታ የአትክልት ሥራ ቦቲ አወጣችልኝ፤ የባሏ ነው፣ አረንጓዴ ላስቲክ፣ እስከ ጉልበት የሚደርስ። በሙሉ ጥቁር ልብሴ ላይ እሱን አጥልቄ ወጣሁ።

ወደ ጋሃና

መኪናዋ አሮጌ ናት። የኋላው ወንበር በመዝሙር መጽሐፍ፣ በባዶ ድስትና በአትክልት ዘር ተሞልቷል። ብሮድ ስትሪትን ይዘን ሁለት መቶ ሰባ ፍሪዌይ ገባን። የመኪና ማቆሚያዎቹ ዳር የተዛቀው በረዶ ጠቁሮ እንደ ከሰል ክምር ተቀምጧል። ሣሩ ገና ቢጫ ነው። ኤርፖርቱ አጠገብ ስንደርስ አውሮፕላን ከራሳችን በላይ ዝቅ ብሎ አለፈ። ወርቁ ሲቆምባት የነበረችውን የቲኬት ቤት ከሩቅ አየኋት። ሌላ ሰው ቆሟል።

ጠዋት ብሮድ ስትሪት፣ ቀትር ጋሃና፣ ማታ ክሊንተንቪል ናት ይቺ ሴት። ምሳዋን ቀይ መብራት ላይ ነው የምትበላው። ሦስቱም ለየብቻቸው ቄስ መቅጠር አቅቷቸው፣ ከመዘጋት አብረን እንኑር ብለው የተዛመዱ ናቸው። አንዷ ኦርጋን አላት፣ አንዷ ወጥ ቤት፣ አንዷ ሰፊ ግቢ። የጎደለውን ከሌላዋ ይዋሳሉ።

«እኔ እርስዎን ምን ብዬ ልጥራዎት?» አልኳት በተሰበረ እንግሊዝኛዬ። «በኛ ቄስ አባ ነው። አባ ልልዎት አልችልም።»

«ኤለን ይበሉኝ።»

«በስም ብቻ አይሆንም፤ ነውር ነው። እትዬ ቄስ እልዎታለሁ።»

ትርጉሙን ጠይቃኝ ስነግራት መሪውን እየመታች ሳቀች። ቤንዚን ልሙላ አልኩ፤ እምቢ አለች። እኔም እምቢታ አላጣሁም፤ ግን የጋሃናው መውጫ ደረሰና ክርክሩ ተቋረጠ።

በመንገዳችን ኮል አደረገችላቸው፤ ማንም አላነሳም። «ምሳ ሰዓት ነው፤ ስልክ በቅርጫት ነው የሚያኖሩት» አለች።

ጭብጨባው

የጋሃናዋ ቤተ ክርስቲያን ዝቅ ያለች የጡብ ቤት ናት። አዳራሹ በረጃጅም ጠረጴዛ ተሞልቷል። በጾሙ ቅዳሜ ሦስቱም እዚህ መጥተው ሾርባ አብረው ይበላሉ፤ ድስቱን በየተራ ነው የሚይዙት። ጥግ ላይ አሮጊቶች ለታመመ ሰው የሚሰጥ ሻርፕ በሹራብ መርፌ ይሠራሉ፤ እጃቸው አይቆምም፣ ወሬያቸውም አይቆምም።

እኔና ቄሷ ብቅ ስንል ቫኑን የነዳው ሰው አየን። «እነሆ፣ ከነሱ አንዱ!» አለና ብድግ አለ። ሰው ሁሉ ተነሳ። አጨበጨቡልኝ። አንዲት አሮጊት የምትሠራውን ሻርፕ ጥላ መጥታ እጄን ያዘችኝ። ቦቲውን ስታየው ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ ያለኝን ሰጥቼ በሰው ቦቲ የቀረሁ መስሏታል።

በሕይወቴ እንዲህ ተጨብጭቦልኝ አያውቅም። ላላደረግኩት ነገር ነው እንጂ ጥሩ ነበር።

አንድ ሳህን ሾርባም ፊቴ ተቀመጠ። ነጭ ነው፤ ክሬም ተንሳፍፎበታል።

«የጾም ሾርባ ነው» አለችኝ አሮጊቷ።

«እመቤት፣ ይኼ ጾም ከሆነ ፋሲካችሁ ምን ሊመስል ነው?»

በሙሉ ሳቁ። እኔ ግን ሳህኑን ገፋ አድርጌ ተነሳሁ። ቄሷ ልትናገርልኝ አፏን ስትከፍት «የለም እትዬ ቄስ፣ የኔ ነው» አልኳት።

የሰጡትን መልሱልኝ ማለት በኛ ከባድ ነውር ነው። የተጨበጨበለትን ደግሞ! ግን ነገር ሲሽሞነሞን ይገማል። እንግሊዝኛዬ እንደሆነ አይሽሞነሞንም።

«ጫማው ስጦታ አይደለም» አልኩ። «እኛ ቤተ ክርስቲያን ጫማ አውልቀን ነው የምንገባው። የናንተም ቤተ ክርስቲያን ስለሆነ አወለቅን። አስቀመጥነው፤ አልሰጠንም። አሁን ሰዎቹ በካልሲ ተቀምጠዋል። ከውስጡ አንዱ የሟቹ ነው፤ አሁን የምታደርገው ሚስቱ ናት። ጭብጨባችሁን መልሼ ጫማዬን ልውሰድ።»

መርፌዎቹ ሁሉ ቆሙ። ቦብ የሚባል፣ ጫማውን የሚለየው ሽማግሌ፣ ፊቱ እንደ ቲማቲም ቀላ። ከዚያ ሆዱ ይነቀነቅ ጀመር።

«ኤለን፣ አንድ ሙሉ ለቅሶ ሰርቄያለሁ ማለት ነው?» አለና እንባው እስኪወርድ ሳቀ። እኔም ያን ጊዜ ሳቄ መጣ።

ጓዳ አስገባን። እንዲህ ያለ ሥራ አላየሁም። እያንዳንዱ ጫማ ተወልውሏል። ክሩ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ታስሯል። የታደሰ ጭቃ የጠገበ ጫማ ሳይቀር ፊት ያሳያል። ቦብ ከጥሩ የባንክ ሥራ ጡረታ ወጥቶ፣ አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ቡርሽ ይዞ እዚህ ይቀመጣል። «የተሰጠ ነገር የተጣለ መምሰል የለበትም» አለኝ። በሀገራችን ሊስትሮ እንደሚባል ብነግረው ደስ አለውና ስሙን ሦስቴ እያለ አጠናው።

ጫማዎቹን ባንድ ባንድ አየሁ። የሴቶቹ አሉ፣ የሰይድ አለ፣ የወጣቶቹ አለ። የኔና የወርቁ ግን የሉም።

«ትልልቅ ቁጥሮቹ?» አልኩት።

ቦብ ቡርሹን አስቀመጠ። «ትልቅ ቁጥር ሁሌም ስለሚጠፋ ቀድሞ ወደ ክሊንተንቪል ሄዷል። እደላው ተጀምሯል።»

ሞርስ ሮድ

ቦብ ያለውን ጫማ በራሱ መኪና ወደ ብሮድ ስትሪት ይዞ ሄደ። እኔና ቄሷ በሞርስ ሮድ ወደ ምዕራብ ከነፍን። ክሊንተንቪል ኮል ስታደርግ መስመሩ ተይዟል።

ሞርስ ሮድ የኛ ሰው መንገድ ነው። የሥጋ ቤቱ፣ የሱማሌው ሱቅ፣ ጎማ የሚጠግነው፣ ገንዘብ የሚልከው። ቀይ መብራት ላይ ስንቆም ከጎናችን ያለው መኪና ክላክስ አደረገ። ፊቴን በኮፍያዬ ከለልኩ። አንድ ትልቅ ሰው ከነ አረንጓዴ ቦቲው ከሴት ቄስ ጎን ተቀምጦ ሲታይ ለማን ምን ብሎ ያስረዳል?

«ያ ጫማ ባይገኝስ?» አለችኝ ቄሷ።

«ይገኛል።»

«እንዴት አወቁ?»

«ባይገኝ ምን እንደምላት ስለማላውቅ ይገኛል።»

አረንጓዴ መብራት ሳይበራ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ እየጸለየች ነበር። እኔም በልቤ አቡነ ዘበሰማያት ደገምኩ። ሁለታችንም ወደ አንድ ቦታ እንደላክነው አልጠራጠርም።

ክሊንተንቪል

ሃይ ስትሪት ላይ ዛፎቹ ያረጁ፣ ቤቶቹም ያረጁ ናቸው፤ ሰፈሩ ጸጥ ይላል። ቤተ ክርስቲያኗ ከሦስቱ ትልቋ ናት፤ ድንጋይ ናት። ገብተን በደረጃው ስንወርድ ከላይ መዘምራን እየተለማመዱ ነበር። አንዲቱን ስንኝ ደጋግመው ያነሷታል፣ መሪያቸው ያስቆማቸዋል፣ እንደገና።

ታች አዳራሹ ሙሉ ነው። ምግብ በአንድ ወገን፣ ጫማ በአንድ ወገን። እኔ የጠበቅኩት ሰልፍ ነበር። ሰልፍ የለም። ጫማ ፈላጊው ወንበር ላይ ይቀመጣል፤ የቤተ ክርስቲያኑ ሰው መሬት ላይ ተንበርክኮ እግሩን ይለካል፣ ጫማ ያጠልቅለታል፣ ክሩን ያስርለታል። ነጭ ፀጉር ያላቸው፣ ሲያዩአቸው የተማሩ የሚመስሉ ሰዎች ተንበርክከዋል። እኛ ካህኑ እግር የሚያጥበውን በዓመት አንዴ፣ በጸሎተ ሐሙስ ነው የምናየው። እነዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ ነው።

የኔን ጫማ ወዲያው አየሁት፤ ጠረጴዛው ዳር ብቻውን ቆሟል። ግራው ላይ የክሩ ቀዳዳ የተቀደደ ነው፤ አልስተውም። የወርቁ ግን የለም። የወርቁ አንዱ ክር ተበጥሶበት ቡናማ ክር ነበር ያስገባበት።

ዞር ስል ቡናማው ክር ታየኝ። አንድ ግዙፍ ጥቁር አሜሪካዊ እግር ላይ ነው። ዕድሜው አርባ ገደማ ይሆናል። ወዲያ ወዲህ እየተራመደ ይሞክረዋል፤ ፊቱ በርቷል። ላጠለቀለት ሰው «ሰኞ ፖላሪስ ሥራ እጀምራለሁ። ጥቁር ጫማ ካልሆነ አናስገባህም ብለውኛል። የኔን ቁጥር ያላየሁበት ቦታ የለም» ይለዋል።

ቄሷ አየችኝ። አወቀች። ልትሄድ ስትል ቀደምኳት።

«ወንድሜ፣ ስምህ ማነው?»

«ካርል።»

«ካርል፣ ያ ጫማ የጓደኛዬ ነው። ሞቷል። በስህተት ነው የመጣው። ሚስቱ ትፈልገዋለች።»

እግሩን አየ። እኔን አየ፤ ከላይ ጥቁር ልብሴን፣ ከታች ቦቲዬን። ተቀምጦ ክሩን ፈታና ጫማውን በሁለት እጁ ሰጠኝ።

«ለሐዘናችሁ አዝናለሁ፣ ጌታዬ» አለኝ።

ውስጡ ገና ሙቀት አለው። ካርል በካልሲው ሲሚንቶው ላይ ቆሟል። አጠገቡ ያስቀመጠው የድሮ ስኒከር ጣቱ ጋ ተቀዷል። ያጠለቀለት ሰውዬ ሌላ ሊፈልግለት ተነሳ፤ ጠረጴዛው ላይ በሱ ቁጥር ካንድ በቀር የለም። የኔ።

አልዋሽም፤ አሳሳኝ። ያን ጫማ እወደዋለሁ። ከወርቁ ጋር ያንለት ስንገዛው «ይኼስ ይቀብረናል» ተባብለን ነበር። ግን ያ የጋሃናው ጭብጨባ ጆሮዬ ውስጥ አለ። ያን ሁሉ ሰው አስነስቼ፣ አስለቅሼ፣ «ውሸት ነው» ብዬ ወጥቻለሁ። እንግዲህ ቢያንስ ለአንድ ጥንድ እውነት ይሁንላቸው አልኩ።

ጫማዬን አነሳሁና ካርል ፊት አኖርኩት። ያ ሰውዬ ሊንበረከክ ሲል «ተወው፣ እኔ ነኝ» አልኩት። ጉልበቴ ተንቋቋ፤ ለመንበርከክ ወንበሩን ያዝኩ። አጠለቅኩለት።

«ጠበበህ?»

«አይ፣ ልክ ነው።»

«የግራውን ክር አጥብቀህ አትሳብ። ቀዳዳው ተቀዷል።»

«እንዴት አወቁ?»

«አውቀዋለሁ።»

ብድግ ብሎ ሁለት እርምጃ ሄደ። ከዚያ ዘወር አለ፤ ቦቲዬን አየ፤ ገባው። እጄን ይዞ ከመሬት አነሳኝ። ከላይ መዘምራኑ ያቺን ስንኝ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይቋረጡ ጨረሷት።

መልስ

በሰባ አንድ ፍሪዌይ ተመለስን። የወርቁን ጫማ ጭኔ ላይ አድርጌዋለሁ። ቄሷ አንድ ጊዜ ብቻ ተናገረች፤ «ማስታወቂያውን አነሳዋለሁ» አለች። እኔም «አያንሱት፤ ሥራው ጥሩ ነው» አልኳት።

ብሮድ ስትሪት ስንደርስ ቦብ ጫማውን ሁሉ ምንጣፉ ላይ እንደነበረ ደርድሮታል። ከታች ሳቅ ይሰማል። ሠልስት ላይ ሳቅ! ታደሰ መሀል ቆሞ ስለ ወርቁ ያወራል፤ ወርቁ የአንድ ሰው መኪና ተሳስቶ ለሌላ ሰው የሰጠበትን ቀን። ማንም አልተነሳም። የረሳውን ሰይድ ይጨምርለታል።

የወርቁን ጫማ ሰልፉ ራስ ላይ አኖርኩትና ሰው ይውጣ አልኩ። ግርግር ሆነ። ማንም የራሱን አላወቀም! ታደሰ የራሱን ጫማ አንስቶ «ይኼ የኔ አይደለም፤ የኔ እንዲህ ሆኖ አያውቅም» እያለ ይምላል። ቦብ ኮርቶ «ሊስትሮ! ሊስትሮ!» ይላል ደረቱን እየመታ። ሺፍት ያለባቸው እየሳቁ ሮጡ።

አስካለ መጨረሻ ወጣች። ጫማውን አየች። አጎንብሳ ቡናማውን ክር ነካችው።

«ተወልውሏል» አለች።

«አዎ።»

«ጋሃና ድረስ ሄዶ ነው አሉ።»

ታደሰን በዓይኔ ፈለግኩት፤ ከቦብ ጀርባ ተደብቋል። ወሬ መያዝ የት ያውቃል!

«ክሊንተንቪልም ደርሷል» አልኳት። «ቃሌን አላጠፍኩም፤ ሄደ እንጂ መጥቷል።»

ያን ጊዜ ዓይኗ ወደ እግሬ ወረደ። አረንጓዴው ላስቲክ፣ በጥቁሩ ሱሪ ላይ።

«ደምሴ፣ ይኼ የማን ነው?»

«የቄሷ ባል።»

«ያንተስ?»

«ሰኞ ፖላሪስ ሥራ ይጀምራል።»

መጀመሪያ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። ማልቀሷ መስሎኝ ደነገጥኩ። ቀና ስትል ግን እየሳቀች ነው፤ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ፣ እንባዋ እየወረደ፣ መቆም እስኪያቅታት። «ወርቁ ይኼንን ሳያይ!» አለች። «አንዱ ጀልባ ሥራ ገባ በሉታ!» ግድግዳውን ተደግፋ ምንጣፉ ጠርዝ ላይ ቁጭ አለች። ሴቶቹ ከበቧት። ቄሷ ግራ ገብቷት ቆማለች።

ሳቋ ሲበርድ እጇን ዘረጋች። «ያ ንፍሮ አለ?» አለች። ታደሰ ሮጦ አመጣ። የባሏን ጫማ አጥልቃ፣ የሰው ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ተቀምጣ፣ እፍኟን ጨረሰች።

ቤት

ቤት ስገባ ልጄ በሩ ላይ ቆማ «ዳድ፣ ዌር አር ዩር ሹዝ?» ብላ ጫማዎቼ የት እንዳሉ ጠየቀችኝ። «ሥራ ላይ ናቸው» አልኳትና አለፍኩ። በማግስቱ ቤተ ክርስቲያን ስንገባ እድርተኛው ለየራሱ ጫማ እንደ ሰው ስም አውጥቶ እየጠራ «ደህና ዋልክ» ሲል ዋለ። ሠልስቱን በሰው ቤተ እምነት ያልወደዱትም ዝም አሉ፤ ለአርባው የት ነው ብለው የጠየቁኝ እነሱ ናቸው። እዚያው ነው አልኩ።

ቦቲውን አጥቤ ለቄሷ መለስኩላት። «ባሌ ሌላ ገዝቷል፣ አልቀበልም» አለች። እኔ ወደ ውስጥ፣ እሷ ወደ ውጭ ስንገፋፋ ቆየንና፣ በጋው ሲገባ ግቢያቸው ውስጥ ከአትክልት መደቦቹ አንዱ ላይ ጎመን ልትከል፣ ቦቲውም ለዚያ ሥራ እኔ ጋ ይሁን ብለን ታረቅን። ቤንዚኑን ግን በጎመን እከፍላታለሁ፤ አታውቅም ገና።

የብሮድ ስትሪቷ ቤተ ክርስቲያን በር አጠገብ አሁን የጫማ መደርደሪያ ተሠርቷል፤ ቦብ ነው የሠራው። ቄሷ በአማርኛ የሚለጠፍ ጽሑፍ ጻፍልኝ አለችኝ። ልጄን ላስጽፋት ነበር፤ ተውኩት። እኔው ጻፍኩት፤ ፊደሉ ትንሽ ይንጋደዳል፣ ይነበባል። ከዚህ ጉዞ የተማርኩት እሱው ነው፦

«የተሰጠ በዚያ፣ የተቀመጠ በዚህ። የተምታታበት ይጠይቅ፤ እዚህ ቤት ሲጠይቁ አይቆጡም።»